የቀበሌያችንን ዕቅድ ነዋሪው ራሱ እንዲያወጣው ከየት እንጀምር?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በሰሜን ሸዋ የአንዲት ገጠር ቀበሌ የልማት ኮሚቴ አባል ነኝ። እስከ ዛሬ ዕቅዱ ከላይ ተዘጋጅቶ ስለሚወርድልን፣ ሕዝቡ በጥርና በየካቲት ለእርከን ሥራ ቢወጣም ሥራውን እንደ ራሱ አይቆጥረውም፤ ዘመቻው ባለቀ በሳምንቱ ከብት ይለቀቅበታል። ዘንድሮ ነዋሪው ለኑሮው የሚበጀውን ራሱ እንዲመርጥ ጠቅላላ ስብሰባ ጠራን፤ ሁሉም «መንገድ» ብሎ ተበተነ።

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ በልማት ጣቢያ ሠራተኛነት ዓመታት አሳልፌያለሁ፤ ችግሩ ቀበሌውን በሙሉ በአንድ ጊዜ መጥራታችሁ ይመስለኛል። የግብርናና ገጠር ልማት ሚኒስቴር በ1997 ዓ.ም. ያወጣው የአሳታፊ ተፋሰስ ልማት መመሪያ ዕቅዱን ከ200 እስከ 500 ሄክታር በሚሆን ንዑስ ተፋሰስ (የዝናቡ ውሃ ወደ አንድ መውረጃ በሚሰበሰብበት አነስተኛ አካባቢ) ላይ እንዲመሠረት ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። ተዳፋቱን የሚያርሰውና ከታች ማሳውን ጎርፍ የሚወስድበት ሰው በአንድ ውሃ የተሳሰሩ ስለሆኑ፣ ፊት ለፊት ሲነጋገሩ ነገሩ ይጨበጣል። ነዋሪው የመረጠው ቡድን ከሽማግሌዎች ጋር መሬቱን በእግሩ ይዙር፤ የደረቀውን ምንጭና የሰፋውን ቦረቦር እያየ በጠጠርና በአመድ መሬት ላይ ካርታ ይሥራ። ረቂቁም በጉባኤ ሳይጸድቅ ወደ ወረዳ አይሂድ።

መልስ 2፦
ሴቶችን ለብቻቸው ሰብስቡ። በእኛ ጎጥ ወንዶቹ መንገድ ሲያስቀድሙ እኛ ምንጭና ወፍጮ አስቀደምን፤ ከትምህርት ቀርታ ውሃ የምትቀዳው የእኛው ልጅ ናትና። የስብሰባው ቀን የገበያ ቀን እንዳይሆን ተጠንቀቁ። ከሁሉ በላይ ግን የጥገናውን ነገር ከመጀመሪያው በዕቅዱ ውስጥ አስገቡ፤ የእኛ ምንጭ ከጎለበተ በኋላ ቧንቧው ሲሰበር የተቀመጠ ገንዘብ ስላልነበረ፣ ለወራት ወደ ወንዝ ተመልሰን ልጆቻችን በተቅማጥ ታመሙብን። አሁን የውሃ ኮሚቴው ገንዘብ ያዥ ነኝ፤ እያንዳንዱ ቤት በየወሩ ያዋጣል።

መልስ 3፦
በተባለው ሁሉ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ተራራ ከንክኪ ነፃ ሲደረግ፣ ማለትም ከብትና ሰው እንዳይገባበት ሲከለል፣ ማን እንደሚጎዳ አስቀድማችሁ ጠይቁ። በትግራይ ውቅሮ አጠገብ ያለችው አብርሃ ወአጽብሃ ተዳፋቷን ከልላ፣ ክትር ሠርታና ጉድጓድ ቆፍራ በ2012 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ለአካባቢ ማኅበረሰቦች የሚሰጠውን የኢኳተር ሽልማት አግኝታለች፤ ይህን ያህል ውጤት ግን ነዋሪው ያልተስማማበት ክልከላ አያመጣም። ከሁለት ፍየል ሌላ የሌላት እናት ሣሩን አጭዳ የምትወስድበት ድርሻ፣ መሬት የሌለው ወጣትም ቀፎ የሚያኖርበት ቦታ በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ ካልተጻፈላቸው፣ ክልከላው በሌሊት ይጣሳል፤ እነሱንም መውቀስ አይገባም።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንግዲያው ከዳገቱ ጎጥ እንጀምራለን፤ ሴቶቹ ቀኑን ራሳቸው ይቆርጣሉ። የደንቡን ረቂቅ ሳጠናቅቅ የሣሩን ክፍፍል እንድታዩልኝ እዚሁ አቀርበዋለሁ።