የከዋክብት ምልከታ ምሽታችንን ሙሉ ጨረቃ በምትወጣበት ሰሞን ብናደርገው ይሻላል?

ጥያቄ፦ የፊዚክስ መምህር (አዲስ አበባ)

በማስተምርበት ትምህርት ቤት ያለው የስፔስ ሳይንስ ክበብ፣ ቅዳሜ ጥር 23 ቀን 2018 ማታ ወላጆችንና የሰፈሩን ነዋሪዎች ጋብዞ ሰማይ ለማሳየት አስቧል። ቀኑን የመረጥነው ጨረቃ ልትሞላ አንድ ቀን ስለሚቀራት ለእንግዶች ደምቃ ትታያለች ብለን ነው። ያለን ቴሌስኮፕ አንድ ብቻ ሲሆን የመስታወቱ ስፋት 20 ሴንቲ ሜትር፣ የትኩረት ርቀቱ 1200 ሚሊ ሜትር ነው፤ ባለ 25 እና ባለ 10 ሚሊ ሜትር የዓይን ሌንሶች አሉት። እስከ 300 ሰው ይመጣል ብለን እንገምታለን። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ፀሐይን ለማሳየት ሐሳብ አለን። ምን እንድናስተካክል ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ ሰማይ ወዳድ

መምህር፣ ቀኑን በአንድ ሳምንት አስቀድሙት። ጨረቃ ስትሞላ የፀሐይ ብርሃን ፊት ለፊት ስለሚያርፍባት ተራሮቿም ጉድጓዶቿም ጥላ አይጥሉም፤ በቴሌስኮፕ ያያት ሰው ዓይኑን የሚወጋ ነጭ ሳህን ብቻ ነው የሚያየው። ከጥምቀት በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ ጥር 16፣ ግን ግማሽ ልትሆን ትንሽ ይቀራታል፤ ብርሃኑና ጨለማው በሚገናኙበት መስመር ላይ እያንዳንዱ ጉድጓድ ጥላውን ጥሎ ይታያል። በዚያው ምሽት ጁፒተር ከነአራቱ ትልልቅ ጨረቃዎቿ በስተ ምሥራቅ፣ ሳተርን በስተ ምዕራብ ስለሚኖሩ፣ ቶሎ በምትጠልቀው በሳተርን ጀምሩ። የሳተርን ቀለበት መጋቢት 2017 ላይ ጠርዙን ወደ እኛ አዙሮ ስለነበር አሁንም እንደ ቀጭን መስመር ነው የሚታየው፤ በፎቶግራፍ የለመዱትን የሚጠብቁ እንግዶች እንዳያዝኑ ይህን አስቀድማችሁ ንገሯቸው። የከተማው መብራት አያሳስባችሁ፤ ለጨረቃና ለፕላኔቶች ብዙም አያውክም።

መልስ፦ የማታ ተረኛ

የቀኑን ነገር ከላይ በሚገባ ተብሏል፤ እኔን የሚያስፈራኝ ሰልፉ ነው። አንድ ሰው ወጥቶ፣ ዓይኑን አስተካክሎ፣ አይቶ እስኪወርድ አንድ ደቂቃ ቢወስድ፣ 300 ሰው 5 ሰዓት ይፈጃል ማለት ነው። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ተጨማሪ ቴሌስኮፕ ተዋሱ፤ ተራ የሚጠብቀውንም ተማሪዎቻችሁ ሰባቱን ከዋክብትና ኦሪዮን የሚባለውን የከዋክብት ስብስብ በባዶ ዓይን ያሳዩት። ባለ 10 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ 120 ጊዜ ያጎላል፤ ነገር ግን ምድር ስለምትዞር ጁፒተር ከእይታው ዳር እስከ ዳር በ2 ደቂቃ ገደማ ታልፋለችና፣ በየሁለት ሰው መካከል መልሶ የሚያነጣጥር ልጅ ይቁም። ጨረቃን ግን በባለ 25 ሚሊ ሜትሩ አሳዩ፤ ሙሉዋን ይይዛል።

አንድ ጊዜ አንዲት እናት ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ ሌንሱ ጎንበስ ካሉ በኋላ ደጋግመው «ምንም የለም» አሉኝ፤ ጠጋ ብዬ ሳይ ሁለቱንም ዓይናቸውን ጨፍነዋል። አንድ ዓይን ብቻ መጨፈን የማይችል ሰው ብዙ ነው፤ አንዱን በመዳፉ እንዲሸፍን ንገሩት። ለሕፃናት መቆሚያ በርጩማ አይረሳ፤ ካለዚያ ቱቦውን ይዘው ይንጠለጠላሉ።

መልስ፦ ዕድሜ ለዓይን

ስለ ፀሐይ ልናገር። በቴሌስኮፑ አፍ ላይ፣ መስታወቱን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ማጣሪያ ከሌላችሁ፣ ይህን ክፍል ከፕሮግራሙ አውጡት። በዓይን ሌንሱ ላይ የሚጠመደው ትንሹ ጥቁር መስታወት በሙቀት ሊሰነጠቅ ስለሚችል አትመኑት፤ የኤክስሬይ ፊልምማ ጨርሶ አይነሳ። ዒላማ መፈለጊያውን ትንሽ ቴሌስኮፕ ደግሞ ክዳኑን አስገቡበት ወይም ፍቱት፤ ሁሉም ትልቁን ሲጠብቅ አንድ ልጅ በእሱ ሊያይ ይችላል።

ጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቀኑን ወደ ጥር 16 አዛውረናል፤ ማጣሪያ ስለሌለን ፀሐይን ትተናል፤ ሁለተኛ ቴሌስኮፕም እያፈላለግን ነው። አሁን የቀረኝ የግቢው ጥበቃ ሜዳው ላይ የሚያበሩትን ትልቅ መብራት ለሁለት ሰዓት እንዲያጠፉልን ማግባባት ነው፤ እሳቸው ደግሞ ከርእሰ መምህሩ ደብዳቤ ካልመጣ ማብሪያውን አልነካም ብለዋል።