ብቻዬን ነው የምኖረው፣ ፍሪጅ የለኝም፣ ምን ልብላ?

ዳቦ በሻይ፦

ሰላም ቤተሰብ፣ እስኪ የምታውቁ ምከሩኝ። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ ከመጣሁ ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ። ጀሞ አካባቢ ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ ብቻዬን ነው የምኖረው። ያለኝ ዕቃ አንዲት የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ሁለት ድስት፣ አንድ መጥበሻና አንድ ፔርሙዝ ነው። ፍሪጅ የለም። ቆጣሪው ደግሞ የጋራ ስለሆነ ምድጃው ትንሽ ከቆየ አከራዬ በር ታንኳኳለች። "አሁንም እየቀቀልክ ነው እንዴ?" ትለኛለች።

አበላሌ እንዲህ ነው። ጠዋት ማኪያቶ ብቻ። ምሳ ቢሮ አጠገብ በየዓይነቱ ወይ ፓስታ፣ ከዛ ሻይ። ማታ ደክሞኝ ስለምገባ ዳቦ በሻይ፣ አንዳንዴ በፓኬት የሚሸጠው ኑድል። ደሞዝ በወጣ በ20 ቀኑ ምሳዬም ዳቦ ይሆናል። ባለፈው ወር ቁጭ ብዬ ሳሰላው ከቤት ኪራይ ቀጥሎ ትልቁ ወጪዬ ሆዴ ነው፤ ሆዴ ግን ምንም አላገኘም። አሁን ደረጃ ስወጣ ያደክመኝ ጀመር። ጤና ጣቢያ ስሄድ ደም ማነስ አለብህ አሉኝ። ክኒን ሰጥተው "በደንብ ብላ" ብለው ሸኙኝ። በደንብ ብላ ማለት ለኔ ቤት ምን ማለት እንደሆነ ግን ማንም አልነገረኝም።

ለማብሰል ሞክሬያለሁ። አንድ ኪሎ ቲማቲም ገዝቼ ግማሹ በሰበሰ። ሽሮ ሠርቼ በማግስቱ ማታ ስከፍተው አረፋ ደፍቷል። አምስት እንጀራ ገዝቼ ሁለቱ ሻገቱ። ሒሳቡን ሳየው ውጪ ከምበላው በልጧል። ወጥ መሥራት አላውቅም ማለት አይደለም፣ እናቴ ስትሠራ እያየሁ ነው ያደግኩት። ግን የማውቀው ለስድስት ሰው ነው። ለአንድ ሰው አላውቅም።

እባካችሁ ዓሣ ጥበስ፣ ፍራፍሬ ጭመቅ ምናምን የሚል እንዳይመጣብኝ።

አግባ በቃ፦

መድኃኒቱ ስምህ ላይ ሳይሆን ስሜ ላይ አለልህ ሃሃሃ።

የገርጂዋ፦

@አግባ በቃ ሚስት ምድጃ ናት እንዴ? ደግሞ በዚህ ደሞዝ ሁለተኛ ሆድ ልትጨምርበት ነው?

ወደ ቁም ነገሩ። ወንድሜ፣ እኔ ስድስት ዓመት ብቻዬን ኖሬያለሁ፣ አራቱን ያለ ፍሪጅ። የሚበላህ ትራፊው ነው። አንተ ሳትበላው ቀርቶ የሚደፋው ማለቴ ነው።

መጀመሪያ ኪሎ የሚባለውን እርሳ። ለአንድ ሰው የቲማቲም ኪሎ ወጥመድ ነው። ጉሊት ሂድና በመደብ ግዛ። አንድ መደብ ቲማቲም፣ አንድ መደብ ቃሪያ፣ አንድ እስር ጎመን። በኪሎ ሲሰላ ትንሽ ይወደዳል፣ አውቃለሁ፣ ግን የምትደፋው የለም። በኪሎ የሚገዛው የማይበላሸው ነው፤ ምስር፣ ሽሮ፣ ክክ፣ ሩዝ። እሱን እሁድ ገበያ ወይ ሸማቾች ግዛ። አትክልት ተራ ድረስ ልሂድ እንዳትል። ፒያሳ እያለ ይሻል ነበር፣ አሁን ወደ ኃይሌ ጋርመንት ከሄደ በኋላ ላንተ እንኳን ከጀሞ ባይርቅም ለሦስት ራስ ሽንኩርት የታክሲ ማውጣት ትርጉም የለውም።

ሁለተኛው ቁሌት ነው። እኔ ማታ ሲደክመኝ የማልሠራው ሽንኩርት መቁላላቱ ስለሚያስጠላኝ ነው፤ ሌላው ሁሉ አምስት ደቂቃ ነው። ስለዚህ እሁድና ረቡዕ ግማሽ ግማሽ ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ደቃቅ አድርጌ እከትፋለሁ። መጀመሪያ ያለ ዘይት በደረቁ ነው የማቁላላው፣ ትንሽ ጨው ጣል አድርጌ፣ ውሃው እስኪመጥና መጣበቅ እስኪጀምር። ሲጣበቅ ጠብታ ውሃ፣ ደግሞ ማማሰል። ቀለሙ ወደ ቡናማ ሲሄድ ዘይት፣ ከዛ በርበሬ። በርበሬው ሲበስል ዘይቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ያኔ ጨርሰሃል። ነጭ ሽንኩርት እዛ ውስጥ አላስገባም፣ በየቀኑ ትኩሱን ነው የምጨምረው። ዘይት ውስጥ ያለ ፍሪጅ የሚያድር ነጭ ሽንኩርት ደግ አይደለም ብላኝ ነበር አንድ የምግብ ባለሙያ ጓደኛዬ፣ ከዛ ጀምሮ ተውኩት።

ማታ ማታ ድስቱን አንዴ ፍልቅ ፍልቅ አደርገውና ሁለት ማንኪያ እቀንሳለሁ። ሰኞ ሞላ ያለ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ሽሮ። ማክሰኞ ምስር። ሌላ ቀን ድንች ወይ እንቁላል። ከሦስት ቀን በላይ አላሳድረውም።

ምስርን አትናቅ። አንድ ኪሎ ክክ አምስት የውሃ ብርጭቆ ይወጣዋል። አንዱ ብርጭቆ ለኔ ሦስት ጊዜ ነው፣ ላንተ ሁለት ተኩል በለው። አንድ ጊዜ ውጪ ከምትበላበት ጋር አንተው አስላው።

እንጀራ ሁለት ሁለት ግዛ። ሊሻግት ነው ስትል ሳትጠብቅ ቆራርሰህ ትሪ ላይ ፀሐይ አስጣው። ድርቆሽ ሆኖ ወር ይቆይልሃል። ወሩ መጨረሻ ላይ ያቺ ዳቦ የምትበላባት ሳምንት አለች አይደል፣ የድርቆሽ ፍርፍር ሳምንት ትሆናለች።

ካምፓስ የወጣ፦

እህታችን ጨርሳዋለች፣ እኔ የምጨምረው ጠዋትን ነው። በባዶ ሆድ ማኪያቶ እየጠጣህ ጨጓራ ሳይሆን ደም ማነስ ብቻ ስለተገኘብህ አመስግን።

ፔርሙዝ አለኝ አላልክም? ማታ ከመተኛትህ በፊት ግማሽ ብርጭቆ ቅንጬ ፔርሙዙ ውስጥ ጨምር፣ ሁለት ብርጭቆ የፈላ ውሃ አፍስስበት፣ ጨው ቆንጠር፣ ክደን፣ ተኛ። ጠዋት 12 ሰዓት ስትነሳ በስሎ ይጠብቅሃል። ቂቤ ካለህ ቂቤ፣ ከሌለህ ዘይት። አከራይህ በሩን የምታንኳኳበት ምክንያት የላትም። እኔ ዶርም ውስጥ ምድጃ ክልክል ስለነበር ሦስት ዓመት በዚህ ነው የኖርኩት። ሰፋ ያለ አፍ ያለው ፔርሙዝ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ጠባቡ ሲታጠብ ያስለቅስሃል።

በሶም አለ። ስኳርና ውሃ፣ ነቅነቅ፣ ጠጥቶ መውጣት። ቢሮ መሳቢያህ ውስጥ ደግሞ ቆሎ አስቀምጥ፣ የሽንብራና የስንዴ ድብልቅ። አራት ሰዓት ላይ የሚበላውን ሳምቡሳ ያስረሳሃል። ቅዳሜ ቅዳሜ ንፍሮ። ማታ ትዘፈዝፋለህ፣ ጠዋት ትቀቅላለህ። እኔማ ቦሎቄውንም ምኑንም ፔርሙዝ ውስጥ ሞክሬዋለሁ።

ሲስተር መ፦

@ካምፓስ የወጣ ቅንጬው ጥሩ ነው። ቦሎቄ ግን በፔርሙዝ አይሞከርም! ጥሬ ቦሎቄ ውስጥ ሆድ የሚያገለባብጥ መርዝ አለ። የሚጠፋው እየተንተከተከ ሲፈላ ነው፣ በሞቀ ውሃ መዋሉ ጭራሽ ያባብሰዋል። ሌሊቱን ዘፍዝፎ፣ ውሃውን ደፍቶ፣ በአዲስ ውሃ ቢያንስ 10 ደቂቃ ጠንክሮ ካፈሉ በኋላ ነው እስኪበስል መቀጠል። እስካሁን ካልታመምክ ዕድለኛ ነህ።

አሁን ወደ ጠያቂው። የኔ ወንድም፣ ክኒኑን በምን እየዋጥክ ነው? በሻይ እንዳይሆን ብቻ። ሻይና ቡና አይረኑን (ደም የሚሠራበትን ብረት) ይዘው ሰውነትህ እንዳይወስደው ያደርጉታል፣ ከምግብ ውስጥ ያለውንም ከክኒኑም ያለውን። አንተ ደግሞ ስትጽፍ ሁሉም ምግብህ ጫፍ ላይ ሻይ አለ። ስምህ ራሱ ዳቦ በሻይ ነው። ሻይ አትጠጣ አላልኩም፣ ከምግብህ ቢያንስ አንድ ሰዓት አርቀው። ማኪያቶውም ያው ነው፣ ወተቱም አያግዝህም።

ከሽሮና ከምስሩ ጋር ጥሬ ቃሪያ ወይ ቲማቲም ይኑር፣ ወይ ሎሚ ጭመቅበት። ቫይታሚን ሲ አይረኑ እንዲገባ ይረዳል። ቃሪያ በእንጀራ እየነከሱ መብላት ልማዳችን ነው፣ ሳናውቀው ጥሩ ሠርተናል። "ጤፍ አይረን ስላለው እንጀራ ይበቃኛል" የሚሉ ብዙ ናቸው። አለው፣ ግን ከሚለካው ከፊሉ አውድማ ላይ ከአፈር ጋር የተቀላቀለ ነው፣ ሰውነት ብዙም አይጠቀምበትም። ሊጡ መቡካቱ ይረዳል። ብቻውን ግን አያድንህም። ምስሩንና ጎመኑን ከጎኑ አድርግ። እህል የሚያንሰውን የፕሮቲን ዓይነት ጥራጥሬ ይሞላለታል፣ ስለዚህ እንጀራ በምስር ተራ ምግብ አይምሰልህ። ፍስክ ሲሆን በሳምንት ሦስት አራት እንቁላል ጨምር፣ አንዱ 6 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፣ ከሥጋ ጋር ሲተያይ ርካሽ ነው።

ኑድሉን ለክፉ ቀን ተወው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው የሚለው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ። ያቺ የቅመም ከረጢት ከዚህ ብዙውን ልትወስድብህ ትችላለች። ግማሹን አፍስሰህ ግማሹን ጣል፣ እንቁላልና ጎመን ጨምርበት።

ዋናው ግን ይሄ ነው። ወጣት ወንድ ላይ ደም ማነስ ሲገኝ አበላል ብቻ ነው ብሎ መዝጋት ልክ አይደለም። የሰገራ ምርመራ አድርገሃል? ትል ደም ይመጥጣል። ጨጓራ ቁስል ካለ ደግሞ ቀስ እያለ ይደማል፣ ሰገራህ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ (ክኒኑም ትንሽ ያጠቁረዋል) ንገራቸው። ተመልሰህ ሂድና ምክንያቱን ጠይቅ።

የእህል ነጋዴ ልጅ፦

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሽሮ በሽሮ ልትሆን ስለሆነ። ሽሮ ስትገዛ ከምን እንደተፈጨ ጠይቅ። የሽንብራ፣ የአተር፣ የባቄላ አለ። በጣም ርካሹ ውስጥ ጓያ ሊኖርበት ይችላል። እኛ ቤት ጓያ አልፎ አልፎ ይበላ ነበር፣ ማንም ምንም አልሆነም፣ ስለዚህ አትደንግጥ። ክፉ የሚሆነው ለወራት ዋና ቀለብ ሲሆን ነው፣ ያኔ እግር ያሽመደምዳል፣ የተሽመደመደውም አይመለስም። ጓያ ድርቅ ስለሚችል ሌላው ሲጠፋ እሱ ይቀራል፣ ሰው እሱን ብቻ ይበላል። በ1980ዎቹ መጨረሻ በወሎ ደላንታና ዳውንት የደረሰው እንደዛ ነው፣ በብዛት የተጎዱት ደግሞ ያንተ ዕድሜ ላይ ያሉ ወንዶች ነበሩ። አንተ እንጀራና ሌላ ነገር ስለምትቀላቅል እዛ አትደርስም፣ ግን በሳምንት ሰባት ቀን የማላውቀውን ሽሮ አልበላም እኔ ብሆን።

ደግሞ ምን አደከመህ? እናትህ ደብረ ማርቆስ ናቸው አይደል? ከአገር ቤት አስመጣ እንጂ! ስንቱ ሰው በየቀኑ በአውቶቡስ ይመጣል። አምስት ኪሎ ሽሮና ሁለት ኪሎ በርበሬ ማለት ያንተ ግማሽ ዓመት ነው። እዚሁ ይሁን ካልክ ሦስት ጓደኛ ሆናችሁ ሽንብራ ግዙና አስቆልታችሁ ወፍጮ ቤት አስፈጩ፣ ለአንድ ሰው ብቻ አያዋጣም።

አግባ በቃ፦

ቀልዱን ትቼ፣ ጎረቤትህ ያለው ሰርቪስ ማን ነው የሚኖርበት? እኔ ሳሪስ እያለሁ ጎረቤቴ ሹፌር ነበር። አንድ ቀን እኔ አንድ ቀን እሱ እየሠራን በአንድ ትሪ ነበር የምንበላው። የሱ ምስር ለድመት አይሰጥም ነበር፣ ግን ግማሹን ቀን ምድጃ አልነካም። ለሁለት ሰው የተሠራ ወጥ ደግሞ አይተርፍም።

ዳቦ በሻይ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። 18 ቀን ሆነኝ፣ የሆነውን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ቁሌት አረረ። ጠብታ ውሃ ስትይ የገርጂዋ እኔ ጠብታ ብቻ መስሎኝ። ሁለተኛው ወጣልኝ። ሲስተር እንዳሉት ተመልሼ ሄጄ ሰገራ ተመረመርኩ፣ ትል ተገኘ፣ መድኃኒት ጀምሬያለሁ። ሻዩን ከምግብ አርቄያለሁ፣ እውነቱን ለመናገር ከሁሉም የከበደኝ እሱ ነው። ምሳ በሳምንት ሦስት ቀን ከቤት ይዤ እሄዳለሁ፣ ሁለቱን ቀን አሁንም ከልጆቹ ጋር ውጪ ነኝ፣ እሱን አልተውም።

ሽሮውን ለእናቴ ደወልኩላት። አፍሬ ነበር እስካሁን ያልጠየቅኳት፣ ሁሌ ስትደውል "በልቻለሁ፣ ደህና ነው የምበላው" እያልኩ ነበር። ሽሮ ላኪልኝ ስላት ዝም አለች፣ ከዛ "ታዲያ እስካሁን ምን ስትበላ ነበር?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እሁድ ስድስት ኪሎ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ዳቦ ቆሎና ያልጠየቅኩት አንድ ጠርሙስ የተነጠረ ቂቤ ደረሰኝ።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል፣ ካምፓስ የወጣ፣ ያንተ ጉዳይ ነው። ፔርሙዙን ሦስቴ በኦሞ አጠብኩት፣ ሻዩ አሁንም ቅንጬ ቅንጬ ይላል።

ካምፓስ የወጣ፦

በኦሞ አይለቅም። ሎሚ ቆርጠህ ከፈላ ውሃ ጋር አሳድረው። ካልሆነ ሁለተኛ ፔርሙዝ ግዛ፣ እኔ ሁለት ነው ያለኝ። ያው ሻይ ቀንስ ተብለሃል ለማንኛውም።