ክርክር፦ ኢፕሲሎን-ዴልታ የአንደኛ ዓመት ኢንጂነሪንግ ፈተና ላይ ይውጣ ወይስ ይቅር?

ከኮዬ ፈጬ፦ ቂሊንጦ ላሉ ፍሬሽማኖች ቱቶሪያል የምትሰጡ ሁሉ ሐሳባችሁን አምጡ። እኔ ኢፕሲሎን-ዴልታ፣ ማለትም የሊሚት (ፈንክሽን የሚጠጋው ቁጥር) ጥብቅ ትርጉም፣ ከፈተናው ይቅር ከሚሉት ነኝ። የሒሳብ ሊቁ ላይብኒዝ ካልኩለስን እ.ኤ.አ. በ1684 ሲያሳትም ይህ ትርጉም አልነበረም። ተማሪው ቼይን ሩል (አንዱ በሌላው ውስጥ የገባ ፈንክሽን ዴሪቬቲቭ የሚወጣበት ደንብ) ሳይገባው ኢፕሲሎን ምን ያደርግለታል?

ከቱሉ ዲምቱ፦ ወንድሜ፣ ታሪኩን ጨርሰው እንጂ። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ኮሺ እ.ኤ.አ. በ1821 ሊሚትን መሠረት አድርጎ የጻፈው ፓሪስ ውስጥ እሱ በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ለሚማሩ የወደፊት ኢንጂነሮች ነው።

ከኮዬ ፈጬ፦ ትምህርት ቤቱም ጥብቅነቱን አበዛኸው ብሎ ወቅሶታል!

ከቱሉ ዲምቱ፦ እሺ፣ ወደ ሥራው እንግባ። ኢፕሲሎን ለውጤቱ የተፈቀደው ስህተት ነው፤ ዴልታ ደግሞ ግብዓቱ ኤክስ ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል የሚወስነው ገደብ ነው። ኤክስ ወደ 2 ሲጠጋ ኤክስ ስኩዌር ወደ 4 እንደሚጠጋ አሳይ በል። ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ 4 ማለት (ኤክስ−2) ሲባዛ በ(ኤክስ+2) ነው። ተማሪው እዚህ ሲደርስ ኢፕሲሎንን ለ(ኤክስ+2) አካፍሎ «ዴልታ ይሄ ነው» ይላል። ተሳሳተ፤ ዴልታ የሚመረጠው ኤክስ ሳይታወቅ ስለሆነ ውስጡ ኤክስ ሊኖር አይችልም። መጀመሪያ ዴልታ ከ1 አይበልጥ ብሎ ማሰር አለበት። ያኔ ኤክስ ከ1 እስከ 3 ስለሚሆን (ኤክስ+2) ከ5 ያንሳል፤ ዴልታም ከ1 እና ከኢፕሲሎን አንድ አምስተኛ ትንሹ ይሆናል። የውጤቱ ስህተት ከዚህ እንዳያልፍ ግብዓቱን በምን ያህል ልቆጣጠር የሚለው ጥያቄ እኮ የኢንጂነሩ የዕለት ሥራ ነው።

ከገላን፦ ሁለታችሁም ዋናውን በሽታ ዘለላችሁት፤ አልጀብራ ነው። የኤክስ ስኩዌርን ዴሪቬቲቭ (የለውጥ መጠኑን) ከትርጉሙ አውጣ ሲባል (ኤክስ+ኤች) ስኩዌርን «ኤክስ ስኩዌር ሲደመር ኤች ስኩዌር» ብሎ ይበትነዋል። መሃል ያለው 2ኤክስኤች ጠፋ። ኤክስ ስኩዌርን ቀንሶ ለኤች ሲያካፍል ኤች ብቻ ይቀረዋል፣ ሊሚቱ 0 ይወጣል። ከዚያ ቀመሩን ሸምድዷልና ከታች 2ኤክስ ብሎ ይጽፋል! አራሚው መልሱን ብቻ ካየ ሙሉ ነጥብ ሰጠው ማለት ነው። ይህ ልጅ ኢፕሲሎን ጋ ቢደርስም የሚወድቀው ፋክተር ማድረግ ላይ ነው።

ከኮዬ ፈጬ፦ እህቴ ልክ ብላለች። እንግዲያው ፈተናው ላይ እንደ 3ኤክስ+1 ያለ ቀጥታ መስመር ብቻ ይውጣ።

ከቱሉ ዲምቱ፦ እሱማ «ኢፕሲሎንን ለስሎፑ (እዚህ ለ3) አካፍል» ተብሎ ይሸመደዳል። ስኩዌሩ ይቆይ፣ ግን ኢፕሲሎን 0.1 ተብሎ በቁጥር ይጠየቅ። ዴልታ 0.02 ካለ፣ 2.02ን ስኩዌር ሲያደርግ 4.0804 ያገኛል፤ ከ4.1 በታች መሆኑን በዓይኑ ያያል። ለዚህ ግማሹ ነጥብ ይሰጠው፤ ማረጋገጫውን ግን አላስቀርም።