ፍልስፍና፣ የእጅ ሙያ እና የጦርነት ህግ፦ ከየትኛው መጽሐፍ ልጀምር?

ቀለም_ወዳድ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ልቦለዱን ለጊዜው ትቼ ኢ-ልቦለድ ላይ ላተኩር ብያለሁ፣ የያዙኝ ሶስት ነገሮች ናቸው፣ ፍልስፍና፣ የእጅ ሙያ (እንጨት ስራ፣ ሸክላ፣ ሽመና የመሳሰለው) እና የጦርነት ህግ። ለሰው ስነግር ምን አገናኛቸው ይሉኛል፣ እኔ ግን የሚገናኙበት ቦታ አለ ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ሶስቱም ጋ ደንብ አለ ግን ደንቡን በቃል ማወቅ ብቻውን አይበቃም፣ ስራው ላይ ያለው ሰው የግድ አይቶ መዝኖ መወሰን አለበት። ፕላቶንን ትንሽ ትንሽ ነካክቻለሁ፣ የጄኔቫ ስምምነቶችን ግን በዜና ስማቸውን ከመስማት አላለፍኩም። እስቲ ያነበባችሁ ከየት ልጀምር? ለፈተና የሚጠና አይነት ሳይሆን አንዴ ከጀመሩት የማይለቅ ቢሆን ደስ ይለኛል። በእንግሊዝኛም ቢሆን ችግር የለም።

ህግ_ነክ፦
ለጦርነት ህጉ ያለ ምንም ማቅማማት ሄንሪ ዱናንት ስለ ሶልፌሪኖ ውጊያ የጻፈውን ትዝታ ነው የምልህ። ቀጭን ነው፣ ባንድ ቁጭታ ያልቃል። ሰውየው የስዊዘርላንድ ነጋዴ ነበር፣ ሰኔ 1859 እ.ኤ.አ. የፈረንሳዩን ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን 3ኛን በንግድ ጉዳይ ላነጋግር ብሎ ሰሜን ጣሊያን ሲሄድ ነው ውጊያው ያለቀበት ቦታ ላይ የደረሰው። ካስቲሊዮኔ የምትባል ከተማ ውስጥ የቤተክርስቲያን ወለል ሁሉ ቁስለኛ ሞልቶበት ውሃ የሚያቀብል ሰው እንኳን እንደልብ የለም። የከተማዋ ሴቶች የየትኛው ጦር ወታደር ነው ሳይሉ «ሁሉም ወንድማማች ናቸው» እያሉ ሲያጥቡና ሲያጠጡ የሚለው ጋ ስትደርስ ህጉ ከየት እንደመጣ ይገባሃል። በ1862 በራሱ ገንዘብ አሳተመው፣ መጨረሻው ላይ ሁለት ነገር ጠየቀ፣ በሰላም ጊዜ የሚደራጁ የእርዳታ ማህበራት ይቋቋሙ፣ መንግስታትም የሚፈርሙት ስምምነት ይኑር። በ1863 ቀይ መስቀል ተመሰረተ፣ ነሃሴ 1864 ላይ የመጀመሪያው የጄኔቫ ስምምነት ተፈረመ፣ ያውም 10 አንቀጽ ብቻ ነው። ሁለት አመት!

ከዛ ቀጥታ ወደ ህጉ ግባ። ሰው የስምምነት ጽሁፍ ይፈራል እንጂ የ1949ኞቹን የጄኔቫ ስምምነቶች አንቀጽ 3 እይ፣ አራቱም ስምምነቶች ላይ አንድ አይነት ነው፣ የእርስ በርስ ጦርነትን የሚመለከተው እሱ ነው፣ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። የቀይ መስቀሉ ኮሚቴ ማብራሪያዎቹን ኦንላይን በነፃ አስቀምጧቸዋል፣ በ2005 የወጣውን የልማዳዊ ህግ (መንግስታት ባይፈርሙትም እንደ ግዴታ የሚከተሉት ህግ) ጥናትም እንደዛው። እሱ 161 ደንብ ነው፣ የፈለከውን ገብተህ የምታይበት እንጂ ከዳር እስከ ዳር የሚነበብ አይደለም።

መሮና_መላጊያ፦
እኔ በእጅ ሙያው በኩል ልበል። «እንዲህ አድርገህ ስራ» የሚሉትን መጽሐፎች ለጊዜው ተዋቸው፣ እነሱ እቃውን ይዘህ ከስራው ጎን ነው የሚነበቡት። ለማሰብ ከሆነ ዴቪድ ፓይ በ1968 ያሳተመውን ፈልግ፣ ስለ እጅ ስራ ባህሪና ጥበብ ነው። ፓይ ራሱ እንጨት የሚሰራ ሰው ነው፣ ለንደን ሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት ፕሮፌሰር ነበር። ስራን በእጅና በማሽን ብሎ አይከፍልም፣ ውጤቱ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ አደጋ ላይ ያለ ስራ አለ፣ ውጤቱ ገና ሳይጀመር የተወሰነ ስራም አለ ነው የሚለው። የራሱ ምሳሌ በብዕር መጻፍና ማተሚያ ነው። እንጨት ላይ ስታየው ደግሞ በደንብ ይገባል፣ መገጣጠሚያ በመሮ እየፈለፈልክ ነው እንበል፣ መስመሩን በስለት ጭረህ አስምረሃል፣ እስከዚህ ድረስ ደንብ ነው። ግን መሮውን ልክ መስመሩ ላይ አቁመህ ጠንከር አድርገህ ከመታኸው የተሳለው ጎኑ ወደ ኋላ ይገፋውና መስመሩን ያልፋል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ራቅ ብለህ አብዛኛውን ታወጣና መጨረሻ ላይ በስሱ በስሱ ወደ መስመሩ ትመጣለህ። ምን ያህል ልራቅ ብትለኝ እንጨቱን ሳላይ አልነግርህም፣ ለስላሳውና ጠንካራው አንድ አይደሉም። ማይክል ፖላኒም በ1966 መጽሐፉ ከምንናገረው በላይ እናውቃለን የሚለው ይሄንን ነው፣ እሱም ትንሽ መጽሐፍ ስለሆነ ጨምረው።

ሶስቱንም የሚነካ አንድ ስጠኝ ካልከኝ ግን በ2008 የወጣው የሪቻርድ ሴኔት «ዘ ክራፍትስማን» ነው። መግቢያው የሚጀምረው በ1962 ከኩባ ሚሳይል ቀውስ ማግስት አስተማሪው የነበረችውን ፈላስፋ ሃና አረንትን መንገድ ላይ ሲያገኛት ነው፣ የአቶሚክ ቦምቡን ስራ የመራውን ኦፐንሃይመርንም ያነሳል፣ ጥያቄው የሚሰራ ሰው ስለሚሰራው ነገር ያስባል ወይ ነው። ሴኔት መስራት ራሱ ማሰብ ነው ብሎ አረንትን ይሟገታታል። መሃሉ ላይ ይንዛዛል ግን ለመግቢያው ስትል አንብበው።

የማታ_አንባቢ፦
ወንድሜ የሚገናኙበት ቦታ አለ ያልከው እውነት ነው፣ እኔ ያገኘሁት አርስቶትል ጋ ነው። የስነምግባር መጽሐፉን (የኒኮማኩሱን) 5ኛ ክፍል ምእራፍ 10 ክፈት፣ ሁለት ገጽ አይሞላም። ህግ በጥቅሉ ነው የሚናገረው፣ የሚያጋጥመው ጉዳይ ግን ሁልጊዜ በጥቅሉ ውስጥ አይገባም፣ ስለዚህ ህጉ ያላየው ነገር ሲመጣ ህግ አውጪው እዚህ ቢኖር ምን ይል ነበር ብሎ ማቃናት ያስፈልጋል ይላል። ለማስረዳት ያመጣው ደግሞ የግሪኳን ደሴት የሌዝቦስን ግንበኞች ነው! ከእርሳስ ማዕድን የተሰራ መለኪያ ነበራቸው፣ ግትር አይደለም፣ ከድንጋዩ ቅርጽ ጋር እየታጠፈ ነው የሚለካው። ፍልስፍናው፣ ሙያው፣ ህጉ፣ ሶስቱም አንድ አንቀጽ ውስጥ ቁጭ ብለዋል። ከዛ 6ኛውን ክፍል ቀጥልበት፣ ወጣት ልጅ ሂሳብና ጂኦሜትሪ ሊችል ይችላል፣ ማስተዋል ግን ከልምድ ስለሚመጣ እዛ እድሜ ላይ አይገኝም የሚለው እዛ ነው ያለው።

ህግ_ነክ፦
@የማታ_አንባቢ ምእራፏን እወዳታለሁ ግን ጦርነት ላይ ስናመጣት በጣም መጠንቀቅ አለብን። የሚታጠፍ ህግ አለ፣ የማይታጠፍም አለ። የሚታጠፈው ተመጣጣኝነት ነው፣ የጄኔቫ ስምምነቶቹ የ1977ቱ አንደኛ ተጨማሪ ፕሮቶኮል አንቀጽ 51 በሲቪል ላይ የሚጠበቀው ጉዳት ከሚጠበቀው ተጨባጭና ቀጥተኛ ወታደራዊ ጥቅም አንጻር ከመጠን ያለፈ ከሆነ ጥቃቱ ክልክል ነው ይላል፣ ከመጠን ያለፈ ማለት ስንት ነው ብትል ቁጥር የለውም፣ አዛዡ የግድ ይመዝናል። ማሰቃየት ግን አይመዘንም። ምርኮኛን መግደልም እንደዛው። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ፍራንሲስ ሊበር ያረቀቀው የ1863 ደንብ እንኳን፣ ለጦሩ ብዙ የሚፈቅድ ሆኖ ሳለ፣ አንቀጽ 16 ላይ ወታደራዊ አስገዳጅነት ጭካኔን፣ ቃል ለማውጣት ማሰቃየትንና መርዝን አይፈቅድም ብሎ ቆርጦታል (ሊበር በሁለቱም ወገን የሚዋጉ ልጆች ነበሩት፣ ያን እያሰብክ ስታነበው ይከብዳል)። አዛዦች «ሁኔታው አስገደደኝ» እያሉ ሁሉንም ደንብ ሊያጥፉ ሞክረዋል፣ በ1948 ኑረምበርግ ላይ የጀርመን ጄኔራሎች ሲዳኙ ፍርድ ቤቱ ይሄንን ክርክር አልተቀበለውም። የእርሳሱ መለኪያ ለሁሉም ድንጋይ ከሆነ ግድግዳው አይቆምም።

ቀለም_ወዳድ፦
እናንተ ሰዎች በጣም ነው የማመሰግነው። @ህግ_ነክ አንድ ነገር ግን አልገባኝም፣ ቁጥር ከሌለው አዛዡ በኋላ «እኔ መዝኜ ነበር» ቢል በምን ይያዛል? እንጨቱ እኮ መሮው መስመር ካለፈ ያሳያል፣ እዚህ ጋ ምንድነው የሚያሳየው?

ህግ_ነክ፦
እዚህ ጋ የዛኑ ፕሮቶኮል አንቀጽ 57ን አንብብ። ከመምታትህ በፊት ኢላማው በእርግጥ ወታደራዊ መሆኑን ለማጣራት የሚቻለውን ሁሉ አድርግ፣ የሲቪል ጉዳት የሚቀንስ መሳሪያና ዘዴ ምረጥ፣ ሁኔታው ካልፈቀደ በስተቀር አስቀድመህ አስጠንቅቅ፣ ኢላማው ወታደራዊ እንዳልሆነ ከታየ ወይ ጉዳቱ ከመጠን ሊያልፍ እንደሆነ ከታወቀ ጥቃቱን አቁም ይላል። ስለዚህ የሚጠየቀው በልብህ ምን አሰብክ ብቻ አይደለም፣ ምን መረጃ ነበረህ፣ ማንን ጠየቅክ፣ ሌላ አማራጭ አይተሃል ወይ ነው። የሚፈረድበትም በዛ ሰአት በነበረው መረጃ እንጂ በኋላ በታወቀው አይደለም፣ መለኪያውም እሱ ቦታ ላይ ያለ ምክንያታዊ አዛዥ ምን ያደርግ ነበር የሚለው ነው። ይሄ ለአዛዡ ያደላል የሚሉ አሉ፣ እኔም አንዳንዴ እንደዛ ይሰማኛል።

የማታ_አንባቢ፦
ትክክል፣ ሙሉ በሙሉ አይታጠፍም፣ በዛ እስማማለሁ። አርስቶትል ራሱ በጎነት በሁለት ጽንፎች መካከል ነው ቢልም ስርቆትና ነፍስ መግደል ላይ መካከለኛ የሚባል የለም ብሏል፣ 2ኛው ክፍል ምእራፍ 6 ላይ ነው። ከዛ በኋላ የማይክል ዋልዘርን የ1977 መጽሐፍ ያዝ፣ ስለ ፍትሃዊና ፍትሃዊ ያልሆኑ ጦርነቶች ነው፣ ክርክሩን ሁሉ በእውነተኛ ታሪክ ነው የሚያስኬደው። የሁለቱም ወገን ወታደሮች ሜዳ ላይ በሞራል እኩል ናቸው ይላል፣ በ2009 ደግሞ ጄፍ ማክማሃን ተነስቶ የለም እኩል አይደሉም፣ ያለ ፍትሃዊ ምክንያት የሚዋጋው ሰው የመግደል መብት የለውም አለ። እኔን ማክማሃን አሳምኖኛል። ሁለቱንም ከጨረስክ በኋላ አንተን የቱ እንዳሳመነህ እዚሁ ጻፍልን።