በየዓመቱ ክለብ የሚቀያይር ተጫዋች፦ ደንቡ እስከ ስንት ይፈቅዳል?

የመሃል ሜዳው፦
ሰላም ለሁላችሁ። የኡራጓዩ ሴባስቲያን አብሩ በ2017 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ለቺሊው ኦዳክስ ኢታሊያኖ ሲፈርም 26ኛ ክለቡ ሆኖ ጊነስ መዝገብ ላይ ሰፈረ፤ ከዚያም በኋላ አላቆመም። ከእኛም ሳላዲን ሰዒድ ዋዲ ዴግላን፣ ሊርስን፣ አል አህሊንና ኤምሲ አልጀርን ዞሮ ጊዮርጊስ ተመልሷል። በሌላ በኩል ፊፋ በአንድ የውድድር ዘመን ከሁለት ክለብ በላይ መጫወት ይከለክላል ይባላል። እንዴት ነው ነገሩ? ከሀገር ሀገር ለመዞር ያሰበ ተጫዋችስ ከመፈረሙ በፊት ምን ይመልከት? ደመወዝ ሲቀርበትስ ምን ያድርግ?

መዝገብ ቤት፦
የሰማኸው ልክ ነው፣ ግን ግማሹን ነው። በአንድ የውድድር ዘመን ለሦስት ክለብ መመዝገብ ይቻላል፤ በይፋዊ ጨዋታ መሰለፍ የሚቻለው ግን ለሁለቱ ብቻ ነው። አብሩ በ2009 መጀመሪያ የስፔኑ ሪያል ሶሲዳድ ነበር፣ በዚያው ዓመት አጋማሽ የግሪኩ አሪስ ተሰሎንቄ ገባ፣ 2010 ሲጀምር ደግሞ የብራዚሉ ቦታፎጎ። በዓመት ውስጥ ሦስት ክለብ፣ ሦስት ሀገር። ነገር ግን ከሶሲዳድ ወደ አሪስ ሲሄድ የውድድር ዘመኑ ስላለቀ ቆጠራው እንደ አዲስ ጀመረ። በ2010 ጋናን ከዓለም ዋንጫ ያስወጣችውን የመጨረሻ ፍጹም ቅጣት ምት በረኛው ወድቆ ሳለ መሃል ላይ ቀስ አድርጎ የመታት የቦታፎጎ ተጫዋች ሆኖ ነው።

አንድ ልዩ ሁኔታ አለ። እንደ ብራዚል በጥር አካባቢ የሚጀምርና እንደ እኛ በመስከረምና በጥቅምት የሚጀምር ሊግ የውድድር ዘመናቸው ይደራረባል። በእንዲህ ያሉ ሁለት ሀገሮች መካከል የተዛወረ ተጫዋች፣ ለቀድሞ ክለቦቹ የገባውን ውል በሙሉ ከፈጸመ፣ ለሦስተኛ ክለብም ሊሰለፍ ይችላል።

ውሰትም ለብዙ ክለብ በር ይከፍታል። የስፔኑ ዴፖርቲቮ ላ ኮሩኛ አብሩን በ1998 ገዝቶ በውሰት ብራዚልም ሜክሲኮም ልኮታል። ዛሬ ግን ጠበቅ ብሏል፦ የአንድ የውሰት ውል ከአንድ ዓመት አይበልጥም፣ በሁለት የዝውውር መስኮቶች መካከል ካለው ጊዜም አያንስም። የተዋሰው ክለብ መልሶ ለሌላ ማዋስ ክልክል ነው።

ፊርማ፦
ከመፈረም በፊት ወረቀቱን በተመለከተ። እኛ ሀገር ተጫዋቹ መልቀቂያውን ኪሱ ከያዘ ሁሉም ያለቀ ይመስለዋል። ወደ ውጭ ሲሆን አያልቅም። የሚያስፈልገው ዓለም አቀፍ የዝውውር ሰርተፍኬት ነው፤ የአዲሱ ክለብ ፌዴሬሽን ቲኤምኤስ በሚባለው የፊፋ የኦንላይን የዝውውር ሲስተም ይጠይቃል፣ የቀድሞው ፌዴሬሽን በ72 ሰዓት ውስጥ ይመልሳል። እስከ 2024 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ድረስ የቀድሞው ክለብ «ኮንትራቱ አላለቀም» ሲል ይጓተት ነበር፤ ክርክሩ ግን አሁንም ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ የውሉ ማብቂያ ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠርም ይጻፍ።

የልደት ቀንም እንዲሁ። መስከረም 10 ቀን 1992 የተወለደ ልጅ ፓስፖርቱ ላይ 1999 ነው፤ ጥር 10 ቀን 1992 የተወለደው ግን 2000። ሁሉም ላይ 8 ደምሮ የሚጽፍ ጸሐፊ በክለብ መዝገብና በፓስፖርት መካከል የአንድ ዓመት ልዩነት ይፈጥራል፤ ያቺ ልዩነት የዕድሜ ጥያቄ ታስነሳለች።

«ውሉ የሚጸናው የሕክምና ምርመራ ካለፈ ነው» ወይም «የሥራ ፈቃድ ከተገኘ ነው» የሚል አንቀጽ በፊፋ ደንብ ዋጋ የለውም። ምርመራው ከፊርማ በፊት ይደረግ። ውል ሊያልቅ 6 ወር ወይም ከዚያ በታች ሲቀረው ከሌላ ክለብ ጋር መፈረም ይቻላል፣ ድርድር ከመጀመሩ በፊት ግን አዲሱ ክለብ የአሁኑን ክለብ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት።

የሠራተኛ ልጅ፦
ደመወዝ ሲቀር ትልቁ ስህተት ተቆጥቶ ሻንጣ ይዞ መውጣት ነው። ደንቡ ቅደም ተከተል አለው። ክለቡ ቢያንስ የሁለት ወር ደመወዝ ሳይከፍል መቅረት አለበት። ከዚያ ተጫዋቹ የትኞቹ ወራት እንዳልተከፈሉ፣ ጠቅላላ ድምሩንና የባንክ ሒሳብ ቁጥሩን ጠቅሶ በጽሑፍ ያስጠነቅቃል፤ ቢያንስ ሙሉ 15 ቀን ይሰጣል። ካልተከፈለ በበቂ ምክንያት ውሉን ማቋረጥ ይችላል። በአሥረኛው ቀን ከወጣ ግን ውል አፍራሽ ተብሎ ራሱ ካሳ ከፋይ ሊሆን ይችላል፤ በውሉ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ውስጥ ከሆነ (ከ28 ዓመቱ በኋላ ለፈረመ ሁለት ዓመት) ከጨዋታ እስከመታገድም ያደርሳል። በቴሌግራም የተላከ «እባካችሁ ክፈሉን» ላይ አትመኩ፤ በኢሜይል ላኩና የላካችሁበትን አስቀምጡ።

ለፊፋ የክርክር ምክር ቤት ለሚቀርብ አቤቱታ ተጫዋች የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። ነገሩ ከተፈጸመ ሁለት ዓመት ካለፈ ግን አይታይለትም። ያለ ደረሰኝ በእጅ የሚከፈል ጉርሻም ማስረጃ የለውም፤ ውሉ ላይ ያልሰፈረ ተስፋ ለመጠየቅ በጣም ያስቸግራል።

የመሃል ሜዳው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ልጨምር፦ ልጁን ያሳደገው ትንሽ ክለብ በየዝውውሩ ያገኛል?

መዝገብ ቤት፦
ኮንትራቱ ሳያልቅ በገንዘብ ከተሸጠ፣ አዎ። ከዝውውር ሒሳቡ 5 በመቶ ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ዝውውሩ 200,000 ዶላር ከሆነ 10,000 ማለት ነው፤ ከ12 እስከ 15 ላለው እያንዳንዱ ዓመት 500፣ ከ16 እስከ 23 ላለው ደግሞ 1,000። የሚዞር ተጫዋች አብዛኛውን ጊዜ ኮንትራቱን ጨርሶ በነጻ ስለሚሄድ ይህ ክፍያ ዜሮ ይሆናል፤ ትንንሾቹ ክለቦች የሚጎዱት እዚህ ላይ ነው፣ ያሳዝናል። የማሠልጠኛ ካሳ የሚባለው ግን ሌላ ነው፦ መጀመሪያ ፕሮፌሽናል ሆኖ ሲመዘገብና 23 ዓመት እስከሚሞላበት ዓመት መጨረሻ በሚደረግ ዝውውር ሊጠየቅ ይችላል። ለሁለቱም ክለቡ ልጁን ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንዳስመዘገበ ፌዴሬሽን ዘንድ የሰፈረ መዝገብ ያስፈልገዋል። የቡድን ፎቶ አይበቃም።