የ19 ዓመት በረኛ፦ የ1 ዓመት ውል ወይስ የ4?

ጥያቄው፦ ጅማ ያደገ፣ 19 ዓመት የሞላው ጎበዝ በረኛ አለ እንበል። ክለቡ ለ1 ዓመት ያስፈርመው ወይስ ለ4? ተከራካሪዎቹ በጅማ ሰፈሮች ስም የተጠሩ ናቸው።

ጅሬን፦ እኔ ረጅሙን ነው የምደግፈው። የአገር ሕግ የተለየ ካልፈቀደ የፊፋ ደንብ እስከ 5 ዓመት ይፈቅዳል፤ ጣሪያው 3 ዓመት የሚሆነው ዕድሜው ከ18 በታች ለሆነ ነው። ውሉ 6 ወር ሲቀረው ደግሞ ተጫዋቹ ከፈለገው ክለብ ጋር መፈራረም ይችላል። ስለዚህ የ1 ዓመት ውል ያስፈረመ ክለብ ልጁን በእርግጠኝነት የሚይዘው ለግማሽ ዓመት ብቻ ነው። በረኛ ዘግይቶ ነው የሚበስለው። በ19 ዓመቱ ስህተቱን ችሎ ያሳደገው ክለብ በ24 ዓመቱ በነፃ ሊያጣው አይገባም።

ፈረንጅ አራዳ፦ የአጥቂን ሂሳብ ለበረኛ አታምጣው ወንድሜ። አጥቂ በ70ኛው ደቂቃ ተቀይሮ ገብቶ ራሱን ያሳያል። በረኛ አንድ ብቻ ነው የሚሰለፈው፤ የመጀመሪያው ካልተጎዳ ወይም ቀይ ካርድ ካላየ ሁለተኛው ዓመቱን ሙሉ ወንበር ላይ ነው። አሰልጣኝ ተቀይሮ አዲሱ የሚያምነውን በረኛ ይዞ ቢመጣ፣ 3 ዓመት የቀረው ልጅ የት ይሄዳል? ቼልሲ እ.ኤ.አ. በ2018 በረኛውን ኬፓን በ80 ሚሊዮን ዩሮ ወስዶ የ7 ዓመት ውል ሰጠው። በ2020 ሌላ በረኛ፣ ሜንዲ፣ መጥቶ ቦታውን ወሰደበት። ኬፓ ቢያንስ ደመወዙ አልተቋረጠበትም። እኛ ጋ ግን ደመወዝ ወራት ሲዘገይ አዲስ ነገር አይደለም።

አጂፕ፦ ረጅም ውል ክለብንም ይጎዳል። በበረዶ ሆኪ ኒውዮርክ አይላንደርስ እ.ኤ.አ. በ2006 በረኛውን ሪክ ዲፒዬትሮን በ24 ዓመቱ ለ15 ዓመት በ67.5 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመው። ጉዳት ተደራረበበት። በ2013 ክለቡ ውሉን አቋርጦ አሰናበተው፤ በየዓመቱ 1.5 ሚሊዮን ዶላር እስከ 2029 እንዲከፍለው ግን ግዴታ ገባ።

ጅሬን፦ 15 ዓመት ማን አለ? 4 ነው ያልኩት። በረኛውን ዶናሩማን ተመልከቱ፤ ሚላን በ16 ዓመቱ ያሰለፈው ልጅ እ.ኤ.አ. በ2021 ለፈረንሳዩ ፒኤስጂ በነፃ ሄደ።

ኸርማታ፦ ጅሬን፣ ይሄ ምሳሌ ላንተ አይመሰክርልህም። ዶናሩማ እ.ኤ.አ. በ2017 የፈረመው እስከ 2021 ነበር፤ አንተ የምትለው 4 ዓመት ማለት ነው። ሚላንን የጎዳው ጊዜው ሳያልቅ አለማደሱ ነው። እኔ 3 ዓመት ነው የምለው፣ ግን ውሉ ውስጥ ምን እንደሚጻፍ ካልተስማማን ቁጥሩ ብቻውን አይረባም። መጀመሪያ ውሰት፦ እስከ መጀመሪያው ዙር መጨረሻ 5 ጨዋታ ካልተሰለፈ፣ ከፕሪሚየር ሊጉ በታች ባለው በከፍተኛ ሊግም ቢሆን ቋሚ ወደሚሆንበት ክለብ በውሰት እንዲሄድ። ደመወዙን የትኛው ክለብ እንደሚከፍል እዚያው ይጻፍ፤ ካልተጻፈ ሁለቱም ይሸሻሉ። ቀጥሎ የመልቀቂያ ገንዘብ በቁጥር ይቀመጥ፤ «በስምምነት» ተብሎ ከታለፈ ጠያቂ ሲመጣ ክለቡ እንደፈለገ ዋጋ ይቆልላል። ጉዳትስ? በረኛ የሚጎዳው ትከሻው፣ ጣቱና ጉልበቱ ነው። የኤምአርአይና የቀዶ ሕክምና ወጪውን፣ እንዲሁም ተኝቶ የሚቆይበትን ወር ደመወዝ ክለቡ እንደሚሸፍን ይጻፍ። ጓንት ማን እንደሚገዛም ይጻፍ፤ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ጠጠር ሜዳ ላይ የመዳፉ ላቴክስ (ጎማው) በጥቂት ሳምንት ይላጣል። ደመወዝ ደግሞ በየዓመቱ ከፍ ይበል፤ በሦስተኛው ዓመት ቋሚ ሆኖ የጀማሪ ክፍያ የሚወስድ ልጅ ልቡ አይረጋም። የውሉ እድሳት ጉዳይ ሁለተኛው ዓመት ሳያልቅ ይነሳ።

ፈረንጅ አራዳ፦ ደመወዙ ካልተከፈለስ? ይሄ ሁሉ ወረቀት ነው።

ኸርማታ፦ መውጫ አለው። የ2 ወር ደመወዝ ያለ አግባብ ከቀረበት ለክለቡ በጽሑፍ ያሳውቃል፤ ቢያንስ 15 ቀን ይሰጣል፤ ካልከፈሉት ውሉን በበቂ ምክንያት ማፍረስ ይችላል። ብዙ ልጆች የሚሳሳቱት በቃል አማርረው ልምምድ ማቆማቸው ነው። ያኔ ጥፋተኛ ሆኖ የሚገኘው ልጁ ይሆናል። ደብዳቤው ቀን ይኑረው፤ በግልባጩ ላይ የተቀባይ ፊርማ ይያዝ። የውሉ ቅጂም እጁ ላይ ይሁን።

አጂፕ፦ አንድ ነገር ልጨምር። ልጁ ወደ ውጭ በክፍያ ሲዛወር ከዝውውር ገንዘቡ 5 በመቶ ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ16 ዓመቱ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዓመት 0.5 በመቶ ነው። 4 ዓመት የያዘው ክለብ ከ500 ሺህ ዶላር ዝውውር 10 ሺህ ያገኛል። መለኪያው ምዝገባ ነው፤ ልጁን ሳያስመዘግቡ ያሰለጠኑ ምንም አይደርሳቸውም።

ጅሬን፦ ክፍያ ሲኖር አልክ። ውሉ አልቆ በነፃ ከሄደ የምን 5 በመቶ? እኔም ረጅም ያልኩት ለዚህ ነው። የኸርማታን 3 ዓመት እቀበላለሁ፣ ክለቡ ሲፈልግ የሚያራዝመው 1 ዓመት ከተጨመረበት።

ፈረንጅ አራዳ፦ እሱን አልቀበልም። ክለቡ ብቻውን የሚያራዝመው ዓመት ለልጁ ምን ይሰጠዋል? ካራዘመ ደመወዙ ስንት እንደሚሆን አሁኑኑ ይጻፍ፤ ውሳኔውንም ውሉ ሊያልቅ 6 ወር ሳይቀረው ያሳውቀው። ያለዚያ የኔ መልስ አሁንም 1 ዓመት ነው።