ጥቆማ፦ የቆመ ጆንሰን 18 ፈረስ ጉልበት፤ ካርቡሬተሩ ይታጠብ ወይስ አዲስ ይገዛ?

ጠያቂ፦ የጀልባ ሞተር ነው፣ እ.ኤ.አ. የ1962 ጆንሰን፣ ሁለት ሲሊንደር። ለዓመታት ቆሟል፣ ቮላኖው (ከሞተሩ አናት ላይ የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ግን በእጅ ይዞራል። ካርቡሬተሩን (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን) ጋራዥ ላሳጥብ፣ የመጠገኛ ኪት ገዝቼ ራሴ ልሥራው፣ ወይስ ኦሪጅናል ያልሆነውን ኮፒ አዲስ ልግዛ?

ጂግለር፦ ኪቱን ግዛ። አካሉ እስካልተሰነጠቀ ድረስ አሮጌው ከኮፒው ይበልጣል። በውስጡ የቤንዚኑን ከፍታ የሚቆጣጠረውን ተንሳፋፊ ግን ቀይረው፤ ቡሽ ከሆነ ኢታኖል (አልኮል) ያለው ቤንዚን ሽፋኑን ያነሳዋል፣ ቡሹ ቤንዚን ጠጥቶ ይከብድና ካርቡሬተሩ ያጥለቀልቃል። ቀዳዳዎቹን በሽቦ አትውጋ፣ በአየር ንፋቸው። የዝቅተኛ ፍጥነቱን መርፌ (የቤንዚን ማስተካከያ ብሎን) እስኪነካ ብቻ ዝጋና አንድ ዙር ተኩል ክፈት። ካጠበቅኸው ጫፉ ይበላሻል።

ፖምፓ፦ ካርቡሬተር አጥቦ የውሃውን ፖምፓ ሳይከፍት «ጨርሻለሁ» የሚል ጋራዥ አትጠጋ! የጎማ ክንፎቹ ለዓመታት በአንድ ቦታ ታጥፈው ደርቀዋል። ሞተሩ ይነሳል፣ ውሃ አይስብም፣ ሲሊንደሩ ይቃጠላል። ያለ ውሃ ለሰከንዶች እንኳ አታስነሳው። ታችኛው ክፍል በርሜል ውሃ ውስጥ ይግባ።

ቀዛፊ፦ የተጠየቀው ስለ ካርቡሬተር ነው።

ፖምፓ፦ ፒስተን ሲሊንደሩ ውስጥ ተነክሶ ከቆመ ካርቡሬተሩ ለምን ይጠቅመዋል?

ሻምፒዮን ብቻ፦ እኔ የምጠቁመው ካንዴላ (ሲሊንደሩ ውስጥ እሳት የሚሰጠው) ነው። ሻምፒዮን ጄ6ሲ፣ ክፍተቱ 0.75 ሚሊሜትር። ሌላ ማርክ አላስገባም፣ አልከራከርምም።

ቀዛፊ፦ ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ቦቢና ከተሰነጠቀ የትኛውም ማርክ አያበራም።

ማኛቶ፦ እሱ ልክ ነው። የዚህ ዘመን ጆንሰንና ኤቪንሩድ የታወቀ ሕመማቸው የቦቢና ሽፋን መሰንጠቅ ነው። ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ ለካርቡሬተር ሳይሆን ለሁለት አዲስ ቦቢና ይሁን፤ ያገለገለ ኦሪጅናል አትግዛ፣ እሱም ይሰነጠቃል። ቮላኖውን ጠርዙን ይዞ በሚስብ ማውጫ አትንካ፣ ይጣመማል። መሃሉ ላይ ባሉት ሦስት የብሎን ቀዳዳዎች የሚያዝ ማውጫ ተጠቀም። የፑንቲናውን (የቦቢናውን ኤሌክትሪክ የሚያቋርጠውን) ክፍተት 0.5 ሚሊሜትር አድርገው፣ ጫፎቹን በአልኮል ጥረግ፤ የቅባት ፊልም ካለ እሳት አይሰጥም። የጥሩ ቦቢና እሳት በመፈተሻ ላይ 6 ሚሊሜትር ይዘላል።

ዘይት፦ ቤንዚንና ዘይት 50 ለ 1 ቀላቅለህ ጨርስ።

ጂግለር፦ ይህን ሞተር 50 ለ 1 ያበላሸዋል! ያ ለብዙዎቹ ጆንሰኖች የመጣው እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ነው። የ1962ቱ 24 ለ 1 ነው፤ በሊትር ቤንዚን 42 ሚሊ ሊትር። ዘይቱም ቲሲ-ደብልዩ3 የሚል የጀልባ ዘይት ይሁን፣ የሞተር ሳይክል አይደለም።

ቀዛፊ፦ ወንድሜ፣ ምንም ከመግዛትህ በፊት ካንዴላዎቹን አውጣ፣ በየቀዳዳው ትንሽ ዘይት ጨምር፣ አሳድርና በዝግታ አዙር። ከዚያ ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሮቹን የአየር ግፊት) ለካ። የሁለቱ ሲሊንደሮች ልዩነት ከ10 በመቶ ካለፈ ለካርቡሬተርም ለቦቢናም ገንዘብ አታውጣ፣ የፒስተኑን ፋሻ (ቀለበቶቹን) እና የቴስታታውን (የሲሊንደር ክዳኑን) ጓርኒሲዮን እይ። የጊርቦክሱን ዘይት ከታችኛው ብሎን አፍስስ። ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቷል፣ ፓራኦሊዮው (የዘይት ማገጃው ጎማ) ይቀየር። ስትሞላ ከታች ግፋ፣ በላይኛው ቀዳዳ እስኪወጣ። ከላይ ከሞላኸው አየር ይታፈናል።

ሻምፒዮን ብቻ፦ ካንዴላውን ስታወጣ የቱ ማርክ እንደሆነ ጻፍልን።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። ኮምፕሬሽኑ ሁለቱም እኩል ነው። አሁን የቮላኖው ነት አልፈታ አለኝ፤ ቮላኖውን በምን ልያዝ?